የዳማ ቀንድ

የካቲት 26/99፣ ሰኞ፣ ጧት 2 ሰ.

የባትሪዋን ውኃ አየሁ። ጎማዎቿን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። የኋላው ግራ ትንሽ ጎድሏል። መስተዋቷን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁ። ሰው መጫን ካቆምሁ ዓመት አልፎኛል፤ ይህን ሳላደርግ ግን የነጋ አይመስለኝም።

ደብተሬ ሆይ፣ እስከ ዛሬ የዘይት ቅያሪና የዝናብ ቀን ስጽፍብሽ ኖርሁ። ዛሬ ሌላ ነው። ብቻ ልጻፈው።

ደወሉን የሰበርሁት እኔ ነኝ።

ይኸው። አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው አልተናገርሁም። ለይርገዱም አልነገርኋት፤ ሚስቴ ሳትሰማው ሄደች፣ ነፍሷን ይማር። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁ። ሌላ ሌላውን እናገራለሁ። ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ በጾም ሰዓት ሳይደርስ የቀመስሁትን። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አልፈዋለሁ።

ለምን ዛሬ? በልጄ ምክንያት። ትናንት መጻጉዕ ነበር፤ ማስተዋል ከዳባት መጣች። እዚያ አስተማሪ ናት። መንጃ ፈቃድ አውጥታለች፣ ከፋሲካ በኋላ ዳማን ትወስዳታለች። የእኔ ጉልበት ፍሪሲዮን መርገጥ እያቃተው ነው። ዳማ መኪናዬ ናት፣ አራት በር፣ የጣልያን ሥሪት። ቀለሟ እንደ ዳማ በቅሎ ስለሆነ ስሙን ይርገዱ ናት ያወጣችላት።

ማስተዋል የሽሮ ከረጢቷን ልትጭን በኋላ ዞረች። ቅልጥሟን ከፓራውልቱ ጋር አጋጨች። ያ የግጭት መከላከያ ብረት የሌላ መኪና ቢሆን ከገላው ተጠግቶ ነው የሚቆመው፤ የዳማ የኋላው አንድ ስንዝር ወጥቶ ቆሟል። እግሯን ይዛ መሬት ተቀመጠች። አባዬ፣ ይቺ መኪና ዛሬም ትዋጋለች! እያለች፣ እንባዋ መጥቶ እየሳቀች።

ቦታው ራሱ ነው። የእናቷ ቦታ። ከቀኝ ጉልበት በታች።

ይርገዱ ስትጋጭ ብረቱን መልሳ በእግሯ ትመታውና፣ አንተ ሰውዬ ቀንዷን ቁረጥልኝ ትለኝ ነበር። ታዲያ ጀሪካን በምን ላይ ልጭን? እላታለሁ። ውሸት። በመጨረሻው ሕመሟ እግሯን በቅባኑግ ሳሽ፣ ቅልጥሟ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለ። አውራ ጣቴ አለፈበት። ቅባኑግ ጨመርሁበት።

ማስተዋል የፊቱንም የኋላውንም አስጠጋልኝ አለች፤ የዘመኑ መኪኖች እንዲያ ናቸው፣ አጠር ጥቅጥቅ ያለች ትሁንልኝ። እሺ አልኋት። እሺ ካልሁ በኋላ ነው የኋላው ትዝ ያለኝ። በኋላው ፓራውልትና በገላዋ መካከል ጣውላ ደርድሬያለሁ። ከጣውላው ሥር ያለውን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው።

ነሐሴ 86፣ ፍልሰታ። ሊማሊሞ ላይ የኋላው ፓራውልት ማሰሪያ ተሰንጥቆብኝ አውልቄዋለሁ፤ ዳማ ከኋላ ራቁቷን ናት። ዘቢብና ጧፍ ከጎንደር ለቤ/ክ አመጣሁ። ቀን ስምንት ሰ. ገደማ። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ነው። ጉሙ እጅ አያሳይም። አድርሼ ልመለስ የኋሊት ስነዳ፣ ጓ!

ትልቁ የድንጋይ ደወል ነው። ከደጀ ሰላሙ አጠገብ በሁለት የወይራ ግንድ መካከል ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው። ከአያቶቻችን አያቶች የቆየ፤ ድምፁ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚሰማ። ወረድሁ። ይወዛወዛል፣ አልወደቀም። ዳበስሁት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ምንም አይደል አልሁ። ለማን ነው ያልሁት? ዞር ብዬ አየሁ፣ ማንም የለ። ነዳሁ።

በማግሥቱ ጧት ደዋዩ አያ ቢተው ሲመቱት ግማሹ ተገምሶ እግራቸው ሥር ወደቀ።

የዳማ ገላ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ፣ ዳሩ ወደ ውጭ አብጦ ነበር። ፓራውልቱ በቦታው አልገባ አለ። ቀጥቃጭ ዘንድ ብወስዳት ምን መታት? ይባላል። ስለዚህ የውኃ ቧንቧ ቆረጥሁ፣ በቧንቧው ላይ ፓራውልቱን አርቄ አሰርሁ፣ ክፍተቱን በጣውላ ከደንሁ። ለጀሪካን ነው አልሁ። ብልህ ነህ ተባልሁ።

የካቲት 28፣ ረቡዕ

ከፊቱ ጀመርሁ። የፊቱ የሚደብቀው ነገር የለውማ።

ቦሎኖቹን ናፍታ አጠጥቼ አሳድሬያቸው ነበር። ሁለቱ ወጡ። ሦስተኛው ራሱ ተላጠ። አራተኛውን ለመንሁት፣ ወጣ። ተሸካሚ ክንዶቹ እንደ በሬ ሻኛ ቆልመም ያሉ ናቸው፤ በካርቶን ልካቸውን ወሰድሁ። የሚያጥሩት አራት ጣት። ከገላዋ የሚቀረው ክፍተት ሁለት ጣት። ከዚያ ከተጠጋ የጠጠሩ መንገድ ሲያንቀጠቅጣት ብረቱ ቀለሟን ይልጣል።

ስሠራ በቤ/ክ በደወል ፈንታ የተሰቀለው የጎማ ብረት፣ ቸርኬው፣ ተደወለ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ይህንም ልጻፈው። ደወሉ እንደተሰበረ ሰው ሁሉ በአያ ቢተው ላይ ዞረ። የድንጋይ ደወል በድንጋይ ወይም በወይራ ነው የሚመታ፤ ብረት አይነካውም፣ ሥርዓቱ ነው። እሳቸው ግን ንፋሱ ድምፁን ሲበላባቸው አንድ ሁለት ቀን በመዶሻ መትተዋል። ታይተዋል። በቃ፣ ብረቱ ነው የሰበረው ተባለ። የቤ/ክኑን በር ይዘው እኔ አልሰበርሁም ብለው ማሉ። ማን ሰምቷቸው። ከደወሉ ተነሡ። ሃያ ዓመት የደወሉ ሰው።

እኔ ደግሞ ያረጀ የከባድ መኪና ቸርኬ አምጥቼ በደወሉ ቦታ ሰጠሁ። እጅህ አይንጠፍ ተባልሁ። አሜን አልሁ፣ ደብተሬ። አሜን።

መጋቢት 2፣ እሑድ፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ ስወጣ አያ ቢተው ከግንቡ ጥግ፣ ከደወሉ ቦታ በጣም ርቀው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጎረቤት ነው የሚመራቸው፤ ዛሬ ቀርቷል። ኮቴዬን ለይተው ጠሩኝ። ታከለ፣ ያቺን በቅሎህን የት ጣልሃት? አንተም እንደኛ እግረኛ ሆንህ? ብለው ሳቁ። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው ወሰድሁ።

መንገድ ላይ አፌ አያርፍ፣ ጠየቅኋቸው። በዚህ ዕድሜ እኩዮችዎ ሁሉ ይቆርባሉ፣ አንቱ ለምን አይቆርቡም? ቆሙ። ዱላቸውን መሬት ተከሉ።

«እኔ በሐሰት የማልሁ ሰው ነኝ። ለሥጋ ወደሙ ምን አፍ አለኝ?»

ያኔ ሲምሉ ከልባቸው ነበር። እያደር ግን አሰቡት። የመቱት እሳቸው፣ የወደቀው እግራቸው ሥር፣ ብረትም አስነክተዋል። ድንጋይ ራሱን አይሰብር። ታዲያ ከእኔ ሌላ ማን? አሉ። እኔው ነኝ። የማልሁትም በሐሰት ነው። ስለ ደወሉ አርባ፣ ስለ መሐላው አርባ፣ በየቀኑ ይሰግዳሉ። በዚያ ጉልበት።

ደግሞ ወስነዋል። በሆሳዕና ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ደወሉን የሰበርሁት እኔ ነኝ፣ በሐሰትም ምያለሁ ሊሉ። ሕማማት ሳይገባ። በሕማማት መሳለም የለ፣ ኑዛዜ የለ። ለከርሞው ሆሳዕና ማን ያውቃል፣ ሞት ይቀድማል አሉ።

እጄ ክንዳቸው ላይ ነው። ምን አልኋቸው?

ድንጋይ አለ፣ ወደ ግራ በሉ አልኋቸው።

ይህን ብቻ።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

በሬን ዘግቼ የኋላውን አወለቅሁ። ቧንቧዎቹ ከቦሎኑ ጋር ዝገው አንድ አካል ሆነዋል። በመጋዝ። ላቤ ወረደ። ጣውላው ሲነሣ አፈር፣ ገብስ፣ የጠርሙስ ክዳን።

ጉድጓዱ እንዳለ ነው። ጡጫ ያስገባል። ጠርዙ ላይ የድንጋዩ ግራጫ ቀለሟን ነክሶ ቀርቷል።

ጣውላውን ገለበጥሁት። ጫፉ ላይ የነጠላ ጥለት ተጠቅልሎበታል፤ ይርገዱ ቅልጥሟን እንዳይፍቃት ያሰረችው ነው። ከላይ ስንት ዘመን አየሁት። ያላየሁት ቋጠሮው ከሥር መሆኑን ነው። ከሥር ለመቋጠር ጣውላውን ማንሣት ያሻል። ጣውላውን ያሰርሁበትን ሽቦ አየሁ። እኔ ስጠመዝዝ ወደ ቀኝ ነው። ይሄኛው ወደ ግራ ተጠምዝዟል።

ይርገዱ ግራኝ ነበረች።

ተቀመጥሁ። ብዙ ተቀመጥሁ። ጣውላውን አንሥታለች። አይታለች። መልሳ አስራዋለች። ቋጥራበታለች። አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ቀንዷን ቁረጥልኝ ስትለኝ ምን ማለቷ ነበር? ስለ እግሯ ብቻ ይሆን? አላውቅም። የምጠይቃትም የለችኝ።

ጥለቱን አሸተትሁት። ናፍታ ናፍታ ይላል።

መጋቢት 9፣ እሑድ፣ ገብር ኄር

ስብከቱ መክሊቱን ቆፍሮ ስለቀበረው አገልጋይ ነው። ቀበረው ሲሉ ጣውላዬ ታየኝ። ቀና ማለት አቃተኝ።

ከሰዓት ለአያ ቢተው ቆሎ ይዤ ሄድሁ። ልናገር ነው የሄድሁት። ስለ በልግ ዝናብ አወራን። ስለ ዳባት ገበያ አወራን። ስለ ጉልበት ሕመም አወራን። የትኛው ጉልበት እንደሚብስ ተከራከርን። እሳቸው አሸነፉ።

ተመለስሁ። ፈሪ። ይኸው ቃሉ፣ ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ

ሲሳይ በያጁ ዘንድ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ዳማን ቀስ እያልሁ ነድቼ ወሰድኋት፣ ጉልበቴ ጮኸ። ክንዶቹን በልኬ ቆረጠ፣ በየደ፣ አዲስ ቀዳዳ በሳ። እጁ ንጹሕ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። የቧንቧ ቁራጮቹን ሲያይ፦

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን በረንዳ ሠርተውላት ነው? ተከራይ ነበራት?»

አብረውት የሚሠሩት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

የፊቱ ገባ። ሁለት ጣት ክፍተት፣ ቀኝም ግራም። ጫፎቹ ከጎማው መከለያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይፋቁ ትንሽ ሞረድናቸው። ዳማ ከፊት ስትታይ ወጣት ሆናለች። ከንፈሯን የሰበሰበች ትመስላለች።

ከዚያ ኋላዋን አየ። ምን ነከሳት? አለኝ። ድንጋይ አልሁት። በአሥራ ሦስት ዓመት የመጀመሪያው እውነት። ግማሹ። ያበጠውን ጠርዝ ብቻ መትተህ አስተኛልኝ፣ ፓራውልቱ ቦታውን ያግኝ፣ ጉድጓዱን አትንካ አልሁት። አልገባውም። በሁለት ሰዓት ቀጥቅጬ፣ በስቱኮ ሞልቼ፣ ቀብቼ እሰጥዎታለሁ፤ ሙሽራ ፊቷ ጎድጉዶ ትዳራለች እንዴ? አለ። ተወው አልሁ። ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላወቅሁትም። ብቻ እጄን ጉድጓዱ ላይ አድርጌ ቆምሁ።

ጠርዙን አስተኛው። የኋላውን ፓራውልት እቤት እኔው አስራለሁ ብዬ ኋላዋን ራቁቷን አመጣኋት።

መጋቢት 16፣ እሑድ፣ ኒቆዲሞስ

ኒቆዲሞስ ሰው እንዳያየው በሌሊት ሄደ። እኔ በቀን ልሂድ ብዬ በጠራራ ፀሐይ ሄድሁ።

ነገርኋቸው።

አያ ቢተው ከቤታቸው ግድግዳ ተጠግተው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሁሉን ነገርኋቸው፤ ጉሙን፣ ዘቢቡን፣ የኋሊት መንዳቴን፣ ስንጥቁን። ጣታቸው ሳይቆም ሰሙኝ። ስጨርስ ሳቁ።

«ማን ላከህ? የደብሩ አለቃ ናቸው? ወይስ የጎረቤት ሴቶች አዝነውልኝ?»

ማንም አልላከኝም፣ እኔው ነኝ አልሁ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ታከለ፣ በጾም ውሸት ከቅቤ ይብሳል። ደግ ሰው መሆንህን አውቃለሁ፣ ቸርኬውንም የሰጠህ አንተ ነህ። የሰውን ኃጢአት ልሸከም ማለት ግን ትዕቢት ነው። የእኔን ለእኔ ተውልኝ፤ ሌላ ሀብት የለኝም።»

ማልሁላቸው። መሐላ አትጥራብኝ፣ እኔን የጣለኝ መሐላ ነው አሉና ወደ ቤት ገቡ። ባቄላው ደጅ ቀረ። ለቅሜ በሩ ሥር አስቀመጥሁት።

ይህን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ቁጣቸውን ነበር። አያምኑኝም ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

መጋቢት 17፣ ሰኞ

ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ለምን እስከ ዛሬ? ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጉድጓዱ አለ? አሉኝ። አለ አልሁ። ድንጋዩስ? ድንጋዩም አለ፣ ቁራጩ ከቸርኬው ሥር ግንቡን ተደግፏል፤ የተባረከ ነገር ስለሆነ ማንም አልጣለውም።

እንግዲያ ዓይን የሌለው ሰው እጅ አለው አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ቀኖናውን በኋላ ብለዋል።

ቅዳሜ ማስተዋል ትመጣለች። በማግሥቱ ሆሳዕና ነው። ቅዳሜ።

መጋቢት 20፣ ሐሙስ

እግዚአብሔር አተረፈኝ። እጄ አሁንም ይሸታል።

ከቤ/ክ ስመለስ በሬ ተከፍቷል። ሲሳይ ከዳማ ኋላ ተንበርክኮ ያፏጫል። በአንድ እጁ የስቱኮ ቆርቆሮ፣ በአንድ እጁ መለጠፊያ ብረት። ሥራዬ እንዲህ ተንጠልጥሎ አይሄድም፣ ስሜ ይጠፋል፣ ይሄ ለማስተዋል ስጦታዬ ነው አለኝ። ስቱኮውን ግማሽ ድረስ ሞልቶታል።

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። በዚህ ጉልበት። ገፋሁት። በጣቴ አወጣሁት፣ አልበቃ አለኝ፣ ማንኪያ አመጣሁ። ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብዘገይ የዚያ ቀን ምልክት ለዘላለም ተቀብሮ ነበር። አያ ቢተው ደግሞ እሑድ በሕዝብ ፊት ይቆማሉ።

ሲሳይ መሬት ተቀምጦ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ጾሙ ጠናብዎ እንዴ?»

ነገርሁት። ምን ላድርግ፣ ነገርሁት። ሳቁ ጠፋ። ተነሣ፣ ጨርቅ በቤንዚን ነከረ፣ አጠገቤ ተንበረከከ። ሁለታችን ጠረግነው። ጠርዙን እየጠበቀ፣ ግራጫው እንዳይለቅ፣ እንደ ሕፃን ዓይን። ሲወጣ እጄን ጨበጠኝ፤ እጁም እጄም ስቱኮ ነው።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ፣ ማታ 1 ሰ.

አደረግሁት። በተርታ ልጻፈው።

ማስተዋል አራት ሰ. ላይ ከአውቶቡስ ወረደች። መጀመሪያ ለእሷ። ጣውላውንና ቋጠሮውን አሳየኋት። ጥለቱን በጣቷ ዳበሰችው። እማዬ ታውቅ ነበር? አለች። መሰለኝ አልሁ። ለምን አልተናገረችህም? እኔን ጠብቃ ይሆናል አልሁ። ከዚያ በላይ አልቻልሁም። ቁልፉን ስጠኝ፣ ጉልበትህ አይችልም፣ እኔ ልንዳ አለችኝ።

አያ ቢተውን ከቤታቸው አነሣናቸው። አልመጣም ብለው ነበር። ማስተዋል ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ አባባ፣ አምና መንጃ ፈቃድ እንዳገኝ ጸልየውልኛል፣ ዛሬ እንዴት እንደምነዳ ካላዩማ አለቻቸው። በምን ዓይኔ ነው የማየው? አሉ። በእጅዎ አለች። እያጉረመረሙ ገቡ።

ቤ/ክ ደጅ ሰዎች ለነገ ዘንባባ ይሰነጥቃሉ። አለቃው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ማስተዋል፣ የኋሊት ንጂ አልኋት። በዚያው መንገድ፣ ወደዚያው ቦታ። ቀስ ብላ መጣች። ቁሚ! ቆመች። ከቸርኬው አንድ ክንድ ሲቀራት።

እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። ቃሌ ይኸው ነበር፦ ደወሉን በነሐሴ 86 በዚህች መኪና የሰበርሁት እኔ ታከለ ነኝ። አያ ቢተው አልሰበሩም። መሐላቸው እውነት ነበር። እኔ ዝም አልሁ።

ዘንባባ የሚሰነጥቀው እጅ ሁሉ ቆመ።

አያ ቢተው አሁንም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እጃቸውን ያዝሁና ጉድጓዱ ላይ አኖርሁት። ዳበሱ። ተዉት። መልሰው ዳበሱ። አውራ ጣታቸው ከጥጉ ገብታ ቆመች። ሃያ ዓመት የነካኋትን ድንጋይ ጫፍ አውቃታለሁ አሉ፣ ድምፃቸው ሲወርድ። ቁራጯን አምጡልኝ።

ሁለት ሰዎች አንሥተው አመጧት። እሳቸው በእጃቸው እየመሩ ጫፏን ወደ ጉድጓዱ አስጠጉ። ገባች። አላነሳት፣ አልተረፋት።

ረጅም ጊዜ እጃቸው ድንጋዩና ብረቱ የተገናኙበት ላይ ቀረ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ አለቃው ድምፅ አዞሩ።

«አባቴ፣ መሐላዬ እውነት ነበር?»

እውነት ነበር፣ አያ ቢተው አሉ አለቃው፤ ተነሥተው። ከነገ ጀምሮ ወደ ቦታዎ።

አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፣ ትከሻ ብቻ ነው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዱላቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፤ ለምት ይሁን ለመደገፍ አልለየሁም።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት የሰገድሁትን ማን ይመልስልኛል? ጉልበቴን ጨረስህብኝ! ደግሞ ያ ቸርኬህ! ጆሮዬን በላው፣ ድምፁ የአህያ ነው!»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ይቅር በሉኝ አልሁ።

«ዛሬ አይሆንም። ዛሬ ልቆጣ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሳልቆጣ የኖርሁት አለብኝ። ነገ ሆሳዕና ነው። ነገ ጧት መጥተህ ትወስደኛለህ። ያኔ ይቅር እልሃለሁ።»

እሺ አልሁ። ነገ ጧት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ቁጣቸውንም ይቅርታቸውንም እኩል ፈለግሁት።

እቤት ስንደርስ ሳይመሽ የኋላውን ፓራውልት አሰርሁ። ማስተዋል ያዘችልኝ፣ እኔ አጠበቅሁ። አራት ቦሎን። ሁለት ጣት፣ ቀኝም ግራም። ጉድጓዱን አልሞላንም። ከላይ ያጎነበሰ ሰው ያየዋል። ይየው። ጣውላውን ፈልጬዋለሁ። ጥለቱን ፈትቼ እዚህ ገጽ መካከል አኖርሁት፣ ደብተሬ፣ ያዥልኝ።

ማስተዋል ስትገባ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ዓይኔን ጨፈንሁና በዳማ ኋላ ዞርሁ፣ አንቺ ትዞሪ በነበረበት፣ በአጭሩ፣ ከገላዋ ተጠግቼ። ቅልጥሜን ምንም አልነካኝም።

ይርገዱ፣ ቀንዷን ቆረጥሁልሽ።